ሎቤድ ላይ የወጣ ማሽን

መሳለሚያ ጭነት የሚያውቅ ሰፈር ነው። እህል በረንዳ ላይ ኩንታል ከትከሻ ወደ መኪና ሲሻገር፣ ሸራ ሲለብስና ገመድ ሲወጠር እያየ ላደገ ሰው ስለ ጭነት መንገር ድፍረት ይመስላል። ቢሆንም በእህል የተካነ ዓይን ሌላ ዓይነት ጭነት ሲያይ ሊሳሳት ይችላል። በማዳበሪያ የተሞላ ጤፍ እርስ በርሱ ይደጋገፋል፣ በመኪናው ስፖንዳ ተከልሎ ይሄዳል፤ ቢንሸራተትም የሚሄደው ጥቂት ነው። ኤክስካቫተር ግን ከለላ በሌለው ወለል ላይ ለብቻው የተቀመጠ 20 ቶን ብረት ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ይህን ጭነት በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ማየት ተለምዷል። ከባድ መኪና ቀን ቀን እንደልቡ ስለማይንቀሳቀስ ብዙው የሚጓዘው ሌሊት ነው፤ ስለዚህ እንዴት እንደታሰረ ቀርቦ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው።

ሾፌሮች ሎቤድ የሚሉት ተሳቢ ወለሉ ወደ መሬት የቀረበ ነው። እንደ ኮማትሱ ፒሲ 200 ያለ ኤክስካቫተር ክንዱ ታጥፎ 3 ሜትር ያህል ቁመት አለው። ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ በሚል ተራ ተሳቢ ላይ ቢወጣ አናቱ 4 ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ሎቤድ ላይ ግን 4 ሜትር አካባቢ ይቀራል። ከመንገድ ማዶ ለማዶ በተዘረጋ የመብራት ሽቦ ሥር ለሚያልፍ ሰው ይህ ግማሽ ሜትር ትልቅ ነገር ነው። በካተርፒላር ዲ8 ዶዘር ላይ ደግሞ ችግሩ ስፋቱ ነው። ምላጩ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል፣ ከተሳቢው ግራና ቀኝ ተርፎ ይወጣል። ረጅም መንገድ ከሆነ ምላጩ ተፈትቶ ለብቻው ቢጫን ይመረጣል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የከፋው እምነት «ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል» የሚለው ነው። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ የሚቆመው መኪናው ነው። ማሽኑ ግን በነበረበት ፍጥነት ወደ ፊት መሄዱን መቀጠል ይፈልጋል፤ ሲከብድ ደግሞ ግፊቱም አብሮ ይጨምራል። የአውሮፓም የአሜሪካም ደንቦች ማሰሪያው ወደ ፊት የጭነቱን ክብደት 80 በመቶ የሚያህል ግፊት፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 50 በመቶውን መቋቋም አለበት የሚሉት ለዚህ ነው። ባለ 20 ቶኑ ማሽን ወደ ፊት በ16 ቶን ኃይል ሊገፋ ይችላል ማለት ነው። ደረቅ ብረት በብረት ላይ ሲቀመጥ በሰበቃ የሚይዘው የክብደቱን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ከ16ቱ 4 ቶን እንኳ ቢቀነስ 12 ቶን ሰንሰለቱ ላይ ይወድቃል። ወለሉ ላይ ጭቃ ወይም የፈሰሰ ዘይት ካለ ደግሞ ያቺ 4 ቶንም ትሳሳለች።

ስለዚህ የተሳቢው ወለል ጣውላ ለጌጥ አይደለም። ብረት ጣውላ ላይ ሲሆን ሰበቃው ወደ እጥፍ ያድጋል፤ 12 ቶን የነበረው የሰንሰለት ሸክም ወደ 8 ይወርዳል። ጣውላው አልቆ ወይም ተሰነጣጥቆ ባዶ ብረቱ የወጣ ሎቤድ አይቶ ዝም የሚል ባለንብረት፣ ሳያውቀው በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ 4 ቶን ሸክም እየጨመረ ነው። ከመጫኑ በፊት ወለሉን መጥረግና ከማሽኑ እግር ላይ ጭቃውን መፋቅ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። እኔ በበኩሌ ከዚያች ግማሽ ሰዓት የሚበልጥ ትርፍ ያለው ሥራ አላውቅም።

የመጫኑ ሰዓት ለብቻው አደጋ አለው። ሾፌሩ ተሳቢውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቆማል፣ ረዳቱ ጎማዎቹን ታኮ ያስደግፋል። ባለ ሰንሰለት እግር ማሽን የብረት መወጣጫ ላይ ሲወጣ ወደ ጎን መንሸራተት ይወዳል። ይበልጥ የሚያስፈራው ግን ጫፉ ላይ ሲደርስ ነው፤ እግሩ ለአፍታ አየር ላይ ይንጠለጠልና ሚዛኑን ሲያገኝ ወለሉ ላይ ዘፍ ይላል። በዚያች ቅጽበት ኦፕሬተሩ አቅጣጫ መቀየር የለበትም፤ ቀበቶውን አስሮ ቀስ ብሎ መግባት ብቻ ነው ያለበት። ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ይሁን፤ ከጎን ማንም አይቁም። መወጣጫ በሌለበት ገጠር ተሳቢውን ወደ አፈር ጉብታ አስጠግቶ መጫን የተለመደ ነው፤ አፈሩ በደንብ የተጠቀጠቀ ከሆነ ነውር የለውም።

ከወጣ በኋላ ሰንሰለት ይመጣል። በአሜሪካ ደንብ ከ4 ቶን ተኩል በላይ ለሚመዝን ተሽከርካሪ ማሽን ማሰሪያው ከአራት አያንስም፤ በአራቱም ማዕዘን፣ ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ እየሳቡ። ወደ ኋላ የሚስቡት ማሽኑ ወደ ፊት እንዳይሄድ ይይዙታል። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተሳበ ሰንሰለት ማሽኑን ወለሉ ላይ ከመጫን በስተቀር ግፊቱን በቀጥታ አያቆምም። መንጠቆውም አምራቹ ለማሰሪያ ባዘጋጀው ቀዳዳ ላይ ይግባ እንጂ በመሰላል ወይም በዘይት ቱቦ አጠገብ አይሁን።

ሰንሰለት የሚገዛ ሰው ምናለሽ ተራም ይሁን ሌላ ሱቅ፣ ውፍረቱን በዓይኑ ለክቶ ብቻ አይውጣ። ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ተራ ሰንሰለት በአስተማማኝ ሁኔታ የሚይዘው 1.2 ቶን ነው፤ ያው ውፍረት ያለው ለጭነት ማሰሪያ የተሠራ ደረጃ 70 ሰንሰለት ግን 3 ቶን ይይዛል። ልዩነቱ በቀለበቶቹ ላይ በተቀረጸው ቁጥር ይታወቃል። 7 ወይም 70፣ 8 ወይም 80 የሚል ምልክት የሌለበትን ለማሽን ማሰሪያ መግዛት ተገቢ አይደለም።

ሰንሰለቱን የሚወጥረው ማጥበቂያ የሚያደርሰውን ጉዳት ረዳቶች በደንብ ያውቁታል። አንዱ ዓይነት በረጅም እጀታ ተጭኖ የሚዘጋ ነው፤ ሰው ጉልበት ሲያንሰው እጀታው ላይ ቱቦ ያጠልቅና በሙሉ ክብደቱ ይጫነዋል። ሰንሰለቱ የያዘው ኃይል ሁሉ በዚያ እጀታ ውስጥ ታምቆ ነው የሚቀመጠው። ሲፈታ ከእጅ ካመለጠ ተፈናጥሮ መንጋጋ ይሰብራል። እየተጠመዘዘ ቀስ በቀስ የሚጠብቀው ዓይነት ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሰው ግን አይመታም። ለረዳቱ ሲባል ይህኛው ይገዛ።

የማሽኑ አካላትም ለየብቻ ይታሰራሉ። የኤክስካቫተሩ ባልዲ ወርዶ ጣውላ ላይ ያርፋል፣ የራሱ ሰንሰለት ይደረግለታል፤ የላይኛው አካሉ እንዳይዞር ይቆለፋል። እንደ ሎደርና ሮለር ያሉት ወገባቸው የሚተጣጠፍ ማሽኖች የወገብ መቆለፊያቸው ካልገባ መታጠፊያ ላይ ራሳቸው ይታጠፋሉ። ሮለር በተለይ ያሳስባል፤ ለስላሳው ከበሮው ወለሉን የሚነካው በጠባብ መስመር ብቻ ነው።

ከባድ ብረት በተራራ ማጓጓዝ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀረጹትን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር አካባቢ ወደ መቅደላ ሲያስወስዱ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። ወታደሮቻቸው በመቶ እየሆኑ ጎተቱት፤ በጂዳና በበሽሎ ሸለቆዎች በኩል የሚያልፈው መንገድ ራሱ ለመድፉ ሲባል ተጠረበ። ዛሬ መንገዱ ተሠርቶ ይጠብቀናል፤ ለእኛ የቀረን በአግባቡ አስሮ መሄድ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚሄድ ሎቤድ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። እዚያ ማሽኑ ፍሬን ሳይያዝ እንኳ ወደ ፊት ይገፋል፣ በየመጠምዘዣው ደግሞ ወደ ጎን።

ጥሩ የታሰረ ሰንሰለትም ይላላል። ጭቃው ይረግፋል፣ ማሽኑ ወለሉ ላይ ይደላደላል፣ ጎማ ያለው ደግሞ ይናጣል። የአሜሪካ ደንብ በመጀመሪያዎቹ 80 ኪሎ ሜትር ውስጥ ቆሞ መፈተሽን ያዛል። በእኛ መንገድ ከዚያ ቀደም ቢሆን ይሻላል፤ ከከተማ እንደወጡ አንዴ፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ደግሞ ሌላ ጊዜ። ቦታው ሲደረስም ረዳቱ ዘሎ ማጥበቂያውን አይፍታ። ማሽኑ በመንገድ ላይ ተንሸራቶ አንዱን ሰንሰለት ተደግፎ ቆሞ ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ ዙሪያውን ይዞሩታል፤ የትኛው ሰንሰለት ከሌሎቹ ይልቅ እንደተወጠረ ያያሉ። ኦፕሬተሩ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ፣ ታኮው ሳይገባ፣ የተወጠረው ወገን ላይ የቆመ ሰው ሳይነሳ ሰንሰለት አይፈታም።