ከፖስታው የሚጀምር በራሪ ወረቀት

በራሪ ወረቀት የሚያሠራ ድርጅት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ፎቶውና ስለ ቀለሙ ነው። ፖስታው የሚታወሰው ሥራው ከማተሚያ ቤት ወጥቶ ወረቀቱ አልገባ ሲል ነው። እኔ ግን ለተቀባይ የሚላክ ጽሑፍ ዲዛይን ከፖስታው መጀመር አለበት እላለሁ፤ መጠኑን፣ አስተጣጠፉን፣ ክብደቱን፣ የንባቡን ቅደም ተከተል ሳይቀር የሚወስነው እሱ ነውና።

በብዛት የሚሠራበት ዲኤል የሚባለው ረጅም ፖስታ ነው፤ 110 በ220 ሚሊ ሜትር። ኤ4 ወረቀት (210 በ297) ለሦስት ታጥፎ ይገባበታል። 297ን እኩል ለሦስት ማካፈል ግን አያዋጣም። ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ገጽ ከሌሎቹ እኩል ከሆነ ጠርዙ እጥፋቱን እየገፋ ይጨማደዳል። ስለዚህ ሁለቱ ገጾች 100 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ውስጥ የሚገባው 97 ይሆናል። ወረቀቱ ሲገለበጥ ደግሞ ጠባቡ ገጽ ቦታ ይቀይራል፦ በውስጠኛው ፊት በስተቀኝ የነበረው በውጭው ፊት በስተግራ ይመጣል። ሁለቱንም ፊት በአንድ ልክ የሠራ ሰው የጀርባውን ገጽ ሥዕል እጥፋቱን አልፎ ወደ ሽፋኑ ዞሮ ያገኘዋል። ቀለም እስከ ጠርዝ የሚሄድ ከሆነ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ለመቁረጫ ትርፍ ይተዋል።

ወረቀት ውስጥ ያለው ቃጫ በአብዛኛው ወረቀቱ ሲመረት ማሽኑ በሄደበት አቅጣጫ ይተኛል። እጥፋቱ ከቃጫው ጋር ከሄደ ጥርት ይላል፤ ካቋረጠው ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ነጭ መስመር ያወጣል። አቅጣጫውን ለማወቅ ቁራጭ ወረቀት በቁመትም በአግድምም መቅደድ ይበቃል፤ ቀጥ ብሎ የተቀደደበት በኩል ቃጫው የሄደበት ነው።

ክብደቱም ገንዘብ ነው። 16 ኤ4 አንድ ካሬ ሜትር ስለሚሞሉ ባለ 80 ግራም (በካሬ ሜትር) ወረቀት አንዱ ቅጠል 5 ግራም ይመዝናል፤ ባለ 150ው ከ9 ግራም ትንሽ ይበልጣል። በብዙ አገሮች የደብዳቤ ታሪፍ የመጀመሪያው እርከን 20 ግራም ነው። አንድ ባለ 150 ግራም ቅጠል ከነፖስታው በምቾት ይገባበታል፤ ሁለተኛ ቅጠል ሲጨመር ግን ያልፈዋል።

በአማርኛ ሲሆን ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ፊደላችን በጥቃቅን ቅጥያዎች የሚለይ ነው። «ቤ»ን ከ«ቢ» የሚለየው እግሯ ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት፤ ጽሑፉ ሲያንስ፣ በተለይም ጥቁር መደብ ላይ በነጭ ሲወጣ፣ ቀለም ይሞላትና ሁለቱ ይመሳሰላሉ። በአራት ቀለም የተሠራ መደብ ላይ ትንሽ ነጭ ፊደል ማስቀመጥ አንባቢን መበደል ነው። ስልክና አድራሻ ሁልጊዜ በነጭ ላይ በጥቁር ይጻፉ።

ወደ ፖስታው ፊት እንመለስ። የላኪው ስም ከላይ በስተግራ፣ ቴምብሩ ከላይ በስተቀኝ ነው። የዓለም ፖስታ ኅብረት ለቴምብርና ለማኅተም ከላይኛው ጠርዝ 40፣ ከቀኙ ጠርዝ 74 ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ እንዲተው ይመክራል። ያ ቦታ በሎጎ ከተሞላ የቀኑ ማኅተም አይነበብም። በኢትዮጵያ ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ስለሆነ «ፖ.ሣ.ቁ.» የሚለውና ቁጥሩ ጎልተው የሚጻፉበት ሰፊ ባዶ መስመር ያስፈልጋል። የሚያብረቀርቅ ወረቀት እዚህ አይሆንም፤ እስክሪብቶ ያንሸራትታል፣ የማኅተም ቀለምም ሳይደርቅ ይጨማለቃል።

የወረቀቱ አገባብም አይዘንጋ። ሰው ፖስታን የሚከፍተው ከጀርባው ነው፤ ስለዚህ ሽፋኑ ወደ ክዳኑ ዞሮ መግባት አለበት። ተቀባዩ ሽፋኑን ሲገልጥ ቀድሞ የሚያገኘው ያ ባለ 97 ሚሊ ሜትሩ ጠባብ ገጽ ነው። ብዙዎች የተረፈ ጽሑፍ ያጉሩበታል። እኔ ብሆን ተቀባዩ እንዲያደርግ የሚፈለገውን ነገር፣ ቀኑንና ቦታውን ጨምሬ፣ እዚያ አሰፍራለሁ። ፋይሉ ለማተሚያ ቤት ሲሰጥ በእጅ የታጠፈ፣ ገጾቹ ከ1 እስከ 6 የተቆጠሩ ባዶ ናሙና አብሮ ይሂድ።