የቤት ውሻ ተጨንቋል ወይስ ታሟል? ባለቤቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ ምልክቶች

ውሻ ምግቡን ሲተው፣ ጥግ ይዞ ሲንቀጠቀጥ ወይም ያለ ወትሮው በቤተሰቡ ላይ ሲያጉረመርም ሁለት ነገሮች ይታሰባሉ፤ አንድም ፈርቷል ወይም ተጨንቋል፣ አንድም ታሟል። የሁለቱ ምልክቶች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጅግ ስለሚመሳሰሉ ለባለቤቱ መለየቱ ቀላል አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በሚገኝበት አገር ግን ልዩነቱን ማወቅ ከእንስሳው ደኅንነት አልፎ በግቢው የሚኖሩ ሰዎችን ሕይወት የሚመለከት ጉዳይ ነው። በሽታው ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ለሞት ይዳርጋል፤ በሰው ላይ ከሚከሰተው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነውም የሚተላለፈው በውሻ አማካኝነት ነው።

ጭንቀት መነሻ አለው

የጭንቀት ዋነኛ መለያው ከአንድ ክስተት ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። በዘመን መለወጫና በመስቀል ዋዜማ የሚተኮስ ርችት፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ግቢው በእንግዳ ሲሞላ፣ የቤት መቀየር፣ የሚያበላው ሰው ለረጅም ቀናት ከቤት መለየት፣ አዲስ ውሻ ወደ ግቢው መምጣት የተለመዱ መነሻዎች ናቸው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ውሻው ሙቀት ሳይኖር ያለከልካል፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ይልሳል፣ ጅራቱን በኋላ እግሮቹ መካከል ይሸጉጣል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል፣ ያለ ዕረፍት ይመላለሳል። ደጋግሞ ማዛጋትም እንቅልፍ እንደ መጣበት ተቆጥሮ የሚታለፍ የጭንቀት ምልክት ነው። አንዳንዱ ለአንድ ቀን ያህል ምግብ ሊቀንስ ወይም ሆዱ ሊላላ ይችላል።

መነሻው ሲወገድ ምልክቱም ይቀንሳል። ርችቱ ሲቆም ወይም እንግዳው ሲሄድ አብዛኛው ውሻ በሰዓታት ውስጥ ውሃ ይጠጣል፣ ስሙ ሲጠራ ይመጣል፣ ይተኛል። ቤት የተቀየረበት ውሻ ግን ለመላመድ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ሊወስድበት ይችላል። ስለሆነም ባለቤቱ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው እንስሳውን ጸጥ ወዳለና ጥላ ወዳለው ስፍራ ማድረግ፣ ውሃ ማቅረብና ጥቂት ጊዜ መስጠት ነው። የፈራን ውሻ መደብደብ ወይም ጎትቶ ማውጣት ፍርሃቱን ያባብሳል፤ ለመነከስም ይዳርጋል። ሌት ተቀን በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻ ጭንቀቱ መነሻና መድረሻ የሌለው ስለሚሆን በዚህ መንገድ ለመለየት አስቸጋሪ ነው፤ የታሰረበትን ሁኔታ ማሻሻል ከሁሉም ይቀድማል።

ለውጡ መነሻ ከሌለው

በቤቱም በአካባቢውም አዲስ ነገር ሳይኖር ጠባዩ የተለወጠ፣ ወይም የጭንቀቱ መነሻ ካለፈ በኋላም ያልተሻለው ውሻ እንደ ታመመ ሊቆጠር ይገባል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው የእብድ ውሻ በሽታ የሆነበት ምክንያት የበሽታው የመጀመሪያ ቀናት ከጭንቀት ጋር ፈጽሞ የሚመሳሰሉ በመሆናቸው ነው። ተጫዋች የነበረው ጨለማ ፈልጎ ይደበቃል፤ ዓይናፋር የነበረው በተቃራኒው ከሰው ሥር አልለይ ይላል። ቀጥሎ የጩኸቱ ድምፅ ይሻክራል፣ እንጨትና አፈር ያኝካል፣ የኋላ እግሮቹ ይከዳሉ፣ ሳይነኩት ይናከሳል።

ሁሉም በበሽታው የተያዘ ውሻ ግን አይናከስም። በአንዳንዱ ላይ የሚታየው ድብታና ሽባነት ነው፤ የታችኛው መንጋጋው ይወርዳል፣ መዋጥ ስለሚያቅተው ለሃጩ ይዝረበረባል። ይህ ሁኔታ ትልቅ ስሕተት ያስከትላል። በተለይ ከበዓል እርድ በኋላ ቤተሰቡ «አጥንት ተሰንቅሮበታል» በማለት እጁን ወደ ውሻው አፍ ያስገባል። በእርግጥም አጥንት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ይህን ማጣራት የእንስሳት ሐኪም ሥራ እንጂ የባለቤቱ አይደለም። ለሃጩ የሚዝረበረብ ወይም አፉን መግጠም ያቃተው ውሻ አፍ ውስጥ እጅ ማስገባት በምንም ምክንያት አይገባም።

«ውሃ ከጠጣ አላበደም» የሚለው አባባልም ትክክል አይደለም። ውሃ መፍራት በሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው፤ የታመመ ውሻ ወደ ውሃ ሊቀርብ፣ ለመጠጣትም ሊሞክር ይችላል። ውሻው ከተነከሰ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 8 ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ስለሚወስድ፣ ከጎረቤት ውሻ ጋር የተጣላበት ቀን በቤተሰቡ ዘንድ የተረሳ ሊሆን ይችላል።

ከላይ የተገለጹት ምልክቶች ካልታዩና ውሻው በባለቤቱ መነካትን የሚፈቅድ ከሆነ ጥቂት ነገሮችን ማስተዋል ይጠቅማል። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በመሆኑ ለሰው እጅ ሁልጊዜም የሚሞቅ ነው፤ የአፍንጫ መድረቅም ብቻውን መለኪያ አይሆንም። ተኝቶ ሳለ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ ደጋግሞ የሚተነፍስ፣ የዓይኑ ሽፋን ውስጠኛ ክፍል የነጣ ወይም ቢጫ የሆነ ውሻ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። ያልተከተበ ቡችላ የሚያስመልሰውና ደም የቀላቀለ፣ ክፉ ሽታ ያለው ተቅማጥ የያዘው ከሆነ እስከ ነገ አይቆይም፤ በዚያው ቀን መታከም ይኖርበታል።

ሰው ከተነከሰ

ውሻው የተጨነቀ ይሁን የታመመ ተብሎ ክርክር የሚደረግበት ጊዜ አይደለም። የተነከሰው ወይም የተጫረው ስፍራ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ተጎጂው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ለሃጩ በቁስል ላይ ወይም በዓይንና በአፍ ውስጥ ያረፈበት ሰውም እንዲሁ። በባህላዊ መድኃኒት እየተሞከረ የሚያልፍ እያንዳንዱ ቀን ሕይወት የሚያድነውን ክትባት ያዘገያል። ሕፃናት ቁጣ ፈርተው መነከሳቸውን ሊደብቁ ስለሚችሉ የግቢው ውሻ ጠባይ በተለወጠ ጊዜ ወላጆች በእርጋታ ሊጠይቋቸውና ሰውነታቸውን ሊያዩ ይገባል።

ነካሹን ውሻ በችኮላ መግደል አይመከርም። ሳይነኩት በር ዘግቶ ማቆየት የሚቻል ከሆነ በእንስሳት ሐኪም ክትትል ለ10 ቀናት ይጠበቃል፤ በነከሰበት ጊዜ በለሃጩ ውስጥ ቫይረሱ የነበረ ውሻ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ምልክት ያሳያል ወይም ይሞታል። የተነከሰው ሰው ሕክምና ግን የ10 ቀኑን ውጤት አይጠብቅም። ውሻው ቢሞት ለላቦራቶሪ ምርመራ ናሙና ስለሚያስፈልግ በድኑን ከመጣል ወይም ከመቅበር በፊት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

አገልግሎት ለማግኘት

ባለቤቶች በወረዳቸው ወይም በክፍለ ከተማቸው ወደሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ሲቀርቡ ለውጡ የታየበትን ቀን፣ በቤቱ ምን አዲስ ነገር እንደ ነበረ፣ ውሻው በሌላ እንስሳ ተነክሶ እንደሆነና ማንን እንደ ነከሰ ቢናገሩ የሐኪሙን ሥራ ያቀላሉ። ከርቀት በተንቀሳቃሽ ስልክ የተቀረጸ ምስልም ጠቃሚ ነው፤ እንስሳው ሐኪም ፊት ሲቀርብ በፍርሃት ብቻ ሌላ ጠባይ ሊያሳይ ይችላልና። የእብድ ውሻ በሽታ የተጠረጠረበትን ውሻ ግን በታክሲ ወይም እየጎተቱ ማምጣት አይገባም፤ ባለሙያው ወደ ስፍራው እንዲመጣ መጠየቅ ይኖርበታል።

የመከላከያ ክትባቱ ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ተሰጥቶ ከአንድ ዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያም በሐኪሙ በሚወሰነው ቀጠሮ መሠረት ይቀጥላል። የክትባት ካርዱ ሐኪሙ ከሚያያቸው የመጀመሪያ ማስረጃዎች አንዱ በመሆኑ፣ ባለቤቱ በማይኖርበት ጊዜም ሌላው የቤተሰብ አባል በሚያገኘው ስፍራ መቀመጥ አለበት።