ከንፈሩ ተሰንጥቆ ለሚወለድ ሕፃን የአንኮበር መንገድ

በዓለም ላይ ከሚወለዱት 700 ያህል ሕፃናት መካከል አንዱ ከንፈሩ ወይም ላንቃው፥ አንዳንዴም ሁለቱም፥ ተሰንጥቆ ይወለዳል። ምክንያቱ የእናቲቱ ኃጢአት ወይም የጎረቤት ዓይን አይደለም። ፅንሱ በማሕፀን ሳለ ፊቱ ከግራና ከቀኝ እያደገ መጥቶ መካከል ላይ ይጋጠማል፤ ከንፈሩ በሁለተኛው ወር ግድም፥ ላንቃው እስከ ሦስተኛው ወር ድረስ ይገጥማል። ያ መጋጠም ሳይፈጸም ሲቀር ስንጥቁ ይቀራል። በየመንደራችን ግን «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» የሚል ዛሬም አይጠፋም፤ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ሕፃኑን በነጠላዋ ሸፍና ከሰው ዓይን የምታሸሸው ስለዚህ ነው።

ቀዶ ሕክምናው የታወቀ ነው። ሚላርድ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1955 የከንፈሩን ሥጋ አዙሮ የሚሰፋበትን ስልት ካሳየ ወዲህ በብዙ አገር የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። በአገራችንም በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ሲሠራ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው ስማይል ትሬይንም የቀዶውን ወጪ በመሸፈን ይረዳል። እንግዲህ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሕክምናው ነፃ ከሆነ ምን ቀረ?» ይሉ ይሆናል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንገልጠው የፈለግነው ያንኑ የቀረውን ነው።

መጀመሪያ የቀረው ወተት ነው። ከንፈሩ ብቻ የተሰነጠቀ ሕፃን ብዙውን ጊዜ መጥባት ይችላል። ላንቃው የተሰነጠቀው ግን አፉ አየር ስለሚያስገባ ጡት መሳብ ያቅተዋል፤ የጠባው ጥቂት ወተትም በአፍንጫው ይመለሳል። እናቲቱ «አልጠባ አለ» ብላ ስታለቅስ ልጁ በረሐብ ይከሳል። ሐኪሞች ደግሞ ከንፈሩን ለመስፋት ሲያስቡ በቆየ ልማድ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፤ ዕድሜው 10 ሳምንት፥ ክብደቱ 4 ኪሎ ተኩል፥ የደሙም መጠን 10 ግራም እንዲሞላ። ስለዚህ በረሐብ የመነመነው ሕፃን አዲስ አበባ ቢደርስ እንኳ «ይወፍርና መልሱት» ይባላል። የሚያድነው ዘዴ ግን እጅግ ቀላል ነው፤ ወተቱን ከጡት አልቦ፥ ሕፃኑን ቀና አድርጎ ይዞ፥ በንጹሕ ትንሽ ኩባያ ወይም በማንኪያ ቀስ እያሉ መስጠት፥ በየመካከሉም ማስገሣት። ይኸን ለማስተማር ቀዶ ሐኪም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሊያሳዩት የሚችሉት ነገር ነው።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከዚያም አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ይህ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። መኪና ከማይገባበት ከቆላው መንደር የተነሣች እናት ግን መጀመሪያ ገደሉን ልጇን አዝላ በእግሯ ትወጣለች፤ ቀጥሎ ለራሷና ለሸኚዋ የመሳፈሪያ፥ የምግብና የማደሪያ ገንዘብ ያሻታል፤ የቀሩትን ልጆችና የገብሱን አጨዳ ለማን እንደምትተውም ማሰብ አለባት። ላንቃውም ከተሰነጠቀ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ለሁለተኛ ቀዶ መመለስ ግድ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ጦርነት መንገዱ በየጊዜው እየተዘጋ ብዙ በሽተኛ ከጉዞው ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች ሐኪም ይዘው ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር በመጡ ጊዜ ሕዝቡ መድኃኒት ፍለጋ ይጎርፍላቸው ነበር፤ ሐኪም ወደ በሽተኛው መሄድ እንግዲህ ለአንኮበር አዲስ ነገር አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ፕሮጀክት ሐረር የተባለ የእንግሊዝ ግብረ ሰናይ ድርጅትም ፊታቸው የተጎዳ ሰዎችን በየገጠሩ ፈልጎ፥ የመሳፈሪያቸውን ከፍሎ ወደ አዲስ አበባ ማምጣትን ሥራዬ ብሎ የያዘው ይኸንኑ ተረድቶ ነው።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው፤ በእኛ አስተያየት በጣም የተረሳው እርሱ ነው። በአንኮበር ግርጌ፥ በአልዩ አምባ ገበያ፥ ከአማርኛ ሌላ አርጎብኛና አፋርኛ ይሰማል። አማርኛ የማታውቅ እናት ስለ ቁስሉ አያያዝና ስለ ቀጠሮው የተነገራትን ካልሰማች ስፌቱ ሊፈታ ይችላል። በአሜሪካ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች በዚሁ ይቸገራሉ፤ እዚያ ግን በ1964 እ.ኤ.አ. በወጣው የሲቪል መብት ሕግ መሠረት የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ለበሽተኛው አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ሕጉ እያለም ልጆች ለወላጆቻቸው ሲያስተረጉሙ መገኘታቸው አልቀረም።

ከቀዶው በኋላ ደግሞ ንግግር አለ። ላንቃው ክፍት ሆኖ የቆየ ልጅ «ም»ን እና «ን»ን በቀላሉ ይላል፤ በአፍ ውስጥ አየር ማመቅ የሚሹት «ብ»፥ «ት»፥ «ስ» ግን በአፍንጫው ያመልጡታል። እነዚህን መልሶ የሚያስተምር ሰው ልጁ በሚናገረው ቋንቋ መሥራት አለበት፤ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተቀዳ የቃላት ዝርዝር ለአፋሩም ለአማራውም ልጅ አይበጅም።

በዕረፍት ወደ አገር ቤት ስንሄድ በብዛት የምንጠየቀው «ልጁ ካደገ በኋላስ ይሠራለታል?» የሚለው ነው። ከንፈሩ በ20 ዓመትም ቢሆን ይሰፋል። ላንቃውም ይዘጋል፤ ንግግሩ ግን ልማድ ስለሚሆንበት እንደ ሕፃኑ በቀላሉ አይቃናም።