ያለቀውን የቅባት ዕቃ ስለ መመርመርና በቅናሽ ገበያ በጥበብ ስለ መግዛት

ቤትን በማስተዳደር ሥራ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ያለቀ ዕቃ ነው። እህል ሲያልቅ ጎተራው ይታያል፤ ቅቤ ሲያልቅ ቅሉ ይታያል፤ የፊት ቅባት ሲያልቅ ግን ብልቃጡ ወደ ጥራጊ ይጣልና በምትኩ ሌላ ይገዛል። ያ ብልቃጥ ስንት ቀን እንደ ቈየ፣ ለቆዳ ምን እንደ ጠቀመ ወይም ምን እንደ ጐዳ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛም በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ይህን ጥያቄ ለቤት ጌቶችና ለቤት እመቤቶች ማቅረብ የሚገባ መስሎ ታይቶናል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የገንዘብም የጤናም ነገር ነውና።

ምሳሌ ይሆነን ዘንድ የሰሜን ወሎን አገር እንውሰድ። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ የሐብሩን ወረዳ ይዞ፣ መርሳን አልፎ፣ ወልድያ ይደርሳል። ከወልድያም አንዱ መንገድ በቆቦ በኩል ወደ መቀሌ፣ ሁለተኛው በጋሸና በኩል ወደ ደብረ ታቦር ይከፈላል። ከተማው የመንገድ መገናኛ ስለ ሆነ ከየአቅጣጫው የመጣ ዕቃ በገበያው ይገኛል። መርሳ ደግሞ ከወልድያ ዝቅ ብላ ሙቀት በሚበዛበት ስፍራ የምትገኝ ናት። በዚህ አየር ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚመታው መደርደሪያ ላይ የዋለ ቅባት፣ ክዳኑ ሳይከፈት እንኳ ሊበላሽ እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በጦርነቱ ምክንያት የወልድያ መንገድ ተዘግቶ ንግድ ተቋርጦ እንደ ነበረ የሚታወስ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ በመጋዘን የከረመ ዕቃ መንገዱ ሲከፈት ከአዲሱ ጋራ ተቀላቅሎ ለገበያ ሊወጣ ስለሚችል፣ ገዢ ከዋጋው አስቀድሞ ቀኑን ሊያይ ይገባዋል።

የወሎ ወይዛዝርት የፋብሪካ ብልቃጥ ከመምጣቱ በፊት ሰውነታቸውን የሚጠብቁበት ጥበብ ነበራቸው፤ ዛሬም አልጠፋም። ለጠጉር በአደስ የታሸ ለጋ ቅቤ፣ ለእጅና ለእግር እንሶስላ፣ ለሰውነት የወይባ ጢስ ነበር። የወይባ ጢስ የሚሞቅ ሰው ሁሉ ግን አየር በሚገባበት ቤት መሆን አለበት፤ በተዘጋ ቤት የሚጤስ ፍም ነፍስ የሚያጠፋ ጋዝ ያወጣልና። ስለዚህ አሮጌው ሁሉ መልካም፣ አዲሱ ሁሉ ክፉ ነው አንልም። ነገር ግን በአሮጌው ልማድ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ። እመቤቲቱ ቅቤው ከየትኛይቱ ላም እንደ ተናጠ፣ መቼ እንደ ተናጠ፣ መበላሸቱም በምን ሽታ እንደሚታወቅ ታውቅ ነበር። በፋብሪካው ብልቃጥ ያጣነው ይህን ዕውቀት ነው፤ ያለቀውን ዕቃ መመርመር ማለትም ይህንኑ ዕውቀት መልሶ ማግኘት ነው።

ምርመራው እንዲህ ይደረጋል። አዲስ ቅባት የተከፈተ ዕለት ቀኑ በብልቃጡ ላይ ይጻፍ። ባለቀም ዕለት ሳይጣል ይቈይና ሦስት ጥያቄ ይጠየቅበት።

አንደኛው፣ ስንት ቀን አገለገለ? ሁለተኛው፣ ቆዳውን ምን አደረገው? አለሰለሰው፣ ወይስ አሳከከው፣ ወይስ ምንም አላደረገውም? የቆዳ የላይኛው ሽፋን ራሱን የሚያድሰው በአራት ሳምንት ያህልና ከዚያም በላይ ስለ ሆነ፣ ስለ ለውጥ ለመፍረድ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መታገሥ ያሻል። ማሳከክ ወይም ማቃጠል የመጣ እንደ ሆነ ግን መታገሥ አይገባም፤ በዚያው ቀን መተው ነው። ሦስተኛውም ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ይኸውም ቅናሽ ባይደረግለት ሙሉ ዋጋውን ከፍለን ደግመን እንገዛው ነበርን? የሚል ነው። መልሱ አይደለም ከሆነ፣ በግማሽ ዋጋም ቢሸጥ አይገዛም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደ ተባለው፣ ያላስፈለገ ዕቃ በርካሽ መገኘቱ አስፈላጊ አያደርገውም።

እነዚህ መልሶች በአንድ ትንሽ ደብተር ቢጻፉ በዓመቱ መጨረሻ ቤቱ ለምን ነገር ገንዘብ እንዳወጣ ይገለጣል። ብዙ ጊዜም ግማሹ ብልቃጥ ሳያልቅ የተጣለ ሆኖ ይገኛል። ያላለቀው ካለቀው ይልቅ ይመክራል።

በብልቃጥ ላይ ከሚጻፈው የመጨረሻ ቀን ሌላ፣ ክዳኑ የተከፈተ ቆርቆሮ የሚመስል ትንሽ ሥዕል ይገኛል። በውስጡ 6 ወይም 12 ወይም 24 ቍጥር ይጻፍበታል። ትርጕሙም ከተከፈተ በኋላ ያን ያህል ወር ብቻ ያገለግላል ማለት ነው። የተከፈተበትን ቀን መጻፍ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። በጣት የሚጠለቅበት ሰፊ አፍ ያለው ዕቃ ተጨምቆ ከሚወጣው ይልቅ ፈጥኖ ይቈሽሻል፤ ስለዚህ በንጹሕ ማንኪያ ቢወሰድ መልካም ነው።

ወደ ገበያው እንመለስ። በእንቍጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካ፣ በረመዳን ፍቺና በዓረፋ ዋዜማ ነጋዴ ዋጋ ቀነስሁ ብሎ ያስታውቃል። ገዢም ይቸኵላል። ነገር ግን ርካሽ የሚባለው በብልቃጡ ብዛት ሳይሆን በግራሙ ነው። ለምሳሌ 50 ግራም ቅባት በ150 ብር ቢሸጥ፣ አንዱ ግራም 3 ብር ነው። 120 ግራሙ በ300 ብር ቢሸጥ፣ አንዱ ግራም 2 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ታላቅ ቅናሽ የተጻፈበት 200 ግራም በ560 ብር ቢሸጥ፣ አንዱ ግራም 2 ብር ከ80 ሳንቲም ይሆናል። ማስታወቂያ የተለጠፈበት ካልተለጠፈበት ተወደደ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ለማድረግ እርሳስና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

አምስት ለሚገዛ ይቀነሳል የሚባለውም ሒሳብ አለው። አንዲት እመቤት በቀን 1 ግራም የምትቀባ ብትሆን፣ 100 ግራም የያዘ ብልቃጥ 100 ቀን ያገለግላታል። የአንዱ ዋጋ 200 ብር ሲሆን አምስቱ በ700 ብር ቢሰጣት 300 ብር ያተረፈች ይመስላታል። ነገር ግን ዕቃው ሊያልፍበት 150 ቀን ብቻ የቀረው ቢሆን፣ ከ500 ግራም የምትጠቀመው 150 ግራሙን ነው፤ የቀረው 350 ግራም ይጣላል። ለዚያ ለ150 ቀን ሁለት ብልቃጥ በሙሉ ዋጋ ብትገዛ 400 ብር ይበቃት ነበር። ስለዚህ 300 ብር አተረፍሁ ያለችው 300 ብር ከሰረች። ቅናሽ የሚደረግለት ዕቃ ብዙ ጊዜ ቀኑ የቀረበ ነውና ይህን መዘንጋት አይገባም።

ገንዘብ ቢጠፋ ይተካል፤ ቆዳና ኵላሊት ግን እንዲህ አይተኩም። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ ልንናገርበት የሚገባን ፊት ያቀላል ተብሎ ስለሚሸጠው ቅባት ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሜርኩሪ የሚባለውን መርዝ የያዙ ሆነው በብዙ አገር ተገኝተዋል። ሜርኩሪ በቆዳ ገብቶ ኵላሊትን ይጐዳል፤ ቆዳን ያበላሻል፤ መንፈስን ያውካል። ከተቀባችውም ሴት እጅና ልብስ ወደ ሕፃን ሊተላለፍ ይችላል። በዚህ ምክንያት የዓለም መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2013 በጃፓን አገር በኩማሞቶ ከተማ የሚናማታን ስምምነት አጸደቁ፤ በኪሎ ግራም ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ሜርኩሪ ያለበት የማቅሊያ ቅባትም ከ2020 በኋላ እንዳይሠራና እንዳይነገድ በስምምነቱ ተወሰነ። በ2023 ደግሞ ያ ልክ ራሱ ተነሥቶ፣ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ በ2025 እንዲቀር ተስማሙ። በብልቃጥ ላይ ካሎሜል ወይም ሜርኩሪ የሚል ቃል ቢነበብ፣ ወይም ቅባቱ ወርቅና ብር እንዳይነካ የሚል ማስጠንቀቂያ ቢገኝ፣ ያ የመርዙ ምልክት ነው። ወርቅ የማይቀርበውን የልጅ ጉንጭ ሊቀርበው እንዴት ይገባዋል?

ከሜርኩሪ ሌላ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የሚባሉ አሉ። እነዚህ በሐኪም ትእዛዝ ለታወቀ ሕመም ለጥቂት ጊዜ የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው። ፊት ለማቅላት ሲባል ለብዙ ጊዜ ቢቀቡ ግን ቆዳን ያሳሳሉ፤ ብጉር ያወጣሉ፤ ሲተዉም ፊቱ ይቀላል፣ ያቃጥላልም። ያን ጊዜ ሴቲቱ ሕመሙን ለማብረድ ወደዚያው ቅባት ትመለሳለች፤ እንዲሁ እየሆነች ከእርሱ መላቀቅ ያቅታታል። ለሠርግ የምትዘጋጅ ልጅ ያለችው ቤት ይህን አስቀድሞ ይወቅ። በጥቂት ሳምንት መልክ ይለውጣል የተባለውን ነገር በፍርሀት ማየት ብልህነት ነው።

እንግዲህ በሱቅ የሚታየው ይህ ነው። የሠሪው ስምና አገር፣ የተሠራበትና የሚያልፍበት ቀን፣ በውስጡ ያለው ነገር ዝርዝር በግልጥ የተጻፈ ይሁን። ማኅተሙ ያልተከፈተ ይሁን። ዘይቱ ከውሃው የተለየ፣ ቀለሙ የተለወጠ፣ ሽታው የጐመዘዘ ቅባት አይገዛ። የመዋቢያ ዕቃ ጕዳይ በ1112/2011 አዋጅ መሠረት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቍጥጥር ሥር ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813ም ነጋዴ ዋጋውን በግልጥ እንዲያሳይና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ ደረሰኝ መጠየቅ ነጋዴውን መጠራጠር ሳይሆን ሕግን ማክበር ነው። ቢሆንም ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን የአባቶች ቃል አንረሳም።

አዲስ የተገዛውም ወዲያው በፊት ላይ አይቀባ። የቆዳ ሐኪሞች እንደሚመክሩት በክንድ ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ተቀብቶ ይፈተን። ቆዳ የተቈጣ እንደ ሆነ ይታጠብና ይተው፤ ብልቃጡም አይጣል፤ ለሐኪም ይታይ ዘንድ ይቀመጥ። ጕዳት ያላደረሰው ብልቃጥ ግን ምርመራው ካለቀ በኋላ ጽሑፉ ተልጦ ወይም ተሰብሮ ይጣል። ሐሰተኛ ቅባት ሞልቶ ደግሞ የሚሸጥ ሰው እንዳያገኘው ይህ ያስፈልጋል።

ደግሞስ ለቆዳ የሚያስፈልገው ስንት ነው? ለጤነኛ ሰው ለስላሳ ሳሙና፣ ቆዳን ከድርቀት የሚጠብቅ ቅባት፣ ከፀሐይም መከለያ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1872 በአሜሪካ የባለቤትነት ፈቃድ የተሰጠው ቫዝሊን ዛሬም በትንሽ ዋጋ የቆዳን እርጥበት በመያዝ ከብዙ ውድ ቅባት አያንስም። ከሰውነት መታጠብ በኋላ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቢቀባ ይበልጥ ይጠቅማል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ቍጥሩ 30 የሆነው ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር ከመቶው 97 ያህሉን ይከለክላል፤ በመርሳ ቀትር ግን ጃንጥላና ነጠላ ከእርሱ ጋራ ቢጨመሩ ወጪ የሌለበት ረዳት ናቸው።

የቤት ጌቶችም ይህ የሴቶች ነገር ነው ብለው እንዳይተዉት እናሳስባለን። ገንዘቡ የቤቱ ነው፤ ልጆቹም የሁለቱ ናቸው። ከሚመጣው በዓል በፊት አንድ ማታ ባልና ሚስት ተቀምጠው በቤታቸው ያለውን ብልቃጥ ሁሉ አውጥተው ቀኑን ያንብቡ፤ ያለፈበትን ይለዩ፤ የጐደለውን ብቻ ጽፈው ወደ ገበያ ይውረዱ። እንዲህ ያደረገ ቤት በቅናሽ ገበያ ይጠቀማል እንጂ ቅናሽ ገበያ በእርሱ አይጠቀምም።