ሃምሳ ሎሚና የተናደ ተራራ

አትክልት ተራ፣ ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከመዛወሩ በፊት፣ ጫኝና አውራጆቹ ጥቅል ጎመን ከመኪና ሲያወርዱ ብዙ ጊዜ ቆመን ተመልክተናል። አንዱ ይወረውራል፤ ሁለተኛው ይቀልባል፤ ሦስተኛው ይደረድራል። ማንም ከቦታው አይነቃነቅም፤ ጎመኑ ግን ይጓዛል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

ይህን ያነሣነው ስለ ጎመን ለመጻፍ አይደለም። ከከተማ በራቀ ስፍራ የተናደ አፈር የባቡር ሐዲድ ቢደፍን፣ በጥቂት ገንዘብ እንዴት ይጠረጋል? ብለን ለመጠየቅ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የቀድሞው ሐዲድ አብዛኛው መንገዱ በቆላ ነበር። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው መስመር ግን በተራሮች መካከል እየተጠማዘዘ፣ በዋሻም እየተሹለከለከ የሚሄድ ነው። ገደላማ ተራራና ብርቱ ክረምት በተገናኙበት ደግሞ ናዳ አይታጣም።

አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ15 እስከ 20 ኩንታል ይመዝናል። በትልቅ መቆፈሪያ መኪና መጥረግ ይቻላል፤ ነገር ግን የመኪና መንገድ በሌለበት ስፍራ ማጓጓዣው ከሥራው ይበልጥ ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ ናዳው መጠነኛ ከሆነ አካፋ፣ ዶማ፣ ባሬላና ተገቢ ዋጋው የተከፈለው የአካባቢው ሰው ጉልበት ይቀድማል።

ሥራው ግን ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ከናዳው በላይ ቦይ ቀዶ ውሃውን ወደ ጎን መመለስ ይገባል፤ የረጠበ አፈር ይከብዳልና፣ ይንሸራተታልም። ሁለተኛ፣ ከላይ የተንጠለጠለውን ሳያወርዱ እግሩን መቁረጥ አይገባም፤ የላይኛውን ደግፎ የያዘው እግሩ ነውና። ሦስተኛ፣ አፈር ሩቅ መሸከም ገንዘብ ማባከን ነው። ከሐዲዱ በታች እርሻ፣ ቤት ወይም ወንዝ ከሌለ፣ እንደ ጎመኑ እየተቀባበሉ ወደዚያው ማውረድ፤ ካለ ግን ሐዲዱ ራሱ መንገድ ነውና ከተጠረገው ወገን በጠፍጣፋ ፉርጎ ማጋዝ ይሻላል። መንገደኛም ከማለፉ በፊት ሐዲዱ ተመርምሮ ባዶ ባቡር በዝግታ ይሄድበታል።

ከሁሉ የሚበልጠውን ግን ለመጨረሻ አቆየነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤቶቻቸው በአካፋና በባዶ እጃቸው ሊያወጧቸው ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ ደረሰባቸው። የሞተው ሰው ከ200 በላይ ሆነ። እነዚያ ሰዎች ጉልበትም ፍቅርም አላነሳቸውም ነበር።

የዛሬው ተማሪ ነገ በጀት ይፈርማል። በደመወዝ መዝገቡም ላይ አካፋ ሳይጨብጥ፣ ፊሽካ ይዞ ተራራውን ሲመለከት የሚውል አንድ ሰው ያገኛል። ሥራ ፈት መስሎት፣ ገንዘብ ላድን ሲል የዚያን ሰው ስም እንዳይሰርዝ አደራ እንላለን።