የነርስ ፒኤችዲ ለምን ይጠቅማል?

አሜሪካ ውስጥ ዶክትሬት የምታስብ ነርስ ሁለት ዓይነት ዲግሪ ይቀርብላታል። ዲኤንፒ የሚባለው በጥናት የተረጋገጠውን ወስዶ ክሊኒክ ውስጥ ሥራ ላይ ለማዋል ያሠለጥናል። ፒኤችዲ ግን ጥናቱን ራሱን መሥራት ነው። ፒኤችዲ ያላት ነርስ ደም ሥር ፈልጎ በመውጋት ከባልደረባዋ አትበልጥም፤ እንዲያውም ከዋርድ ርቃ ስለምትከርም እጇ ሳይዶለዱም አይቀርም። የምትማረው ዋርድ ውስጥ ሁሉም የሚያጉረመርምበትን ጉዳይ በማስረጃ ማሳየት ነው።

«ታማሚ በዛብን» የማትል ነርስ የለችም። ነርስና የሶሺዮሎጂ ዶክተር የሆኑት ሊንዳ ኤይከን ግን ከባልደረቦቻቸው ጋር በፔንሲልቬንያ 168 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ230,000 በላይ ሕሙማን መረጃ መረመሩ። ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ወጣ፦ አንዲት ነርስ የምትይዘው ታማሚ በአንድ በጨመረ ቁጥር፣ ታማሚው በገባ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ 7 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። ማጉረምረሙ ቁጥር ሲሆን አስተዳዳሪው መልስ መስጠት ግድ ይለዋል።

ትምህርቱ የሚጀምረው በኮርስ ነው፤ ስታቲስቲክስ፣ የምርምር ዘዴ፣ ቲዎሪ። ሌሊት እየሠሩ ስታቲስቲክስ ማጥናት ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። ከዚያ አጠቃላይ ፈተና ይመጣል፤ ቀጥሎ ፕሮፖዛል።

ብዙዎች የሚታሹት እዚህ ላይ ነው። «የስኳር ሕሙማን እንክብካቤ» ብላ የመጣችን ተማሪ አማካሪዋ ይመልሳታል። የትኞቹ ሕሙማን? ምኑን ልትለኪ? በምን? ከወራት ምልልስ በኋላ ጥያቄዋ «ሲያትል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የስኳር ሕሙማን በዐቢይ ጾም ኢንሱሊናቸውን እንዴት ይወስዳሉ?» ወደሚል ሊጠብ ይችላል። ጠባብ ይመስላል፤ ግን መልስ ሊገኝለት የሚችል ጥያቄ ነው፤ አማርኛ የምትናገርና ጾሙን የምታውቅ ነርስ ደግሞ ለዚህ ከማንም የተሻለች ናት። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድ አንድም ታማሚ አይጠየቅም። መረጃ መሰብሰቡ፣ መተንተኑ፣ ዲሰርቴሽን መጻፉና በፈታኞች ፊት መከላከሉ ተጨምሮ ሙሉ ጊዜ ለሚማር ሰው አራት አምስት ዓመት ይፈጃል።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሙሉ ጊዜ የፒኤችዲ ተማሪን ክፍያ ይሸፍናሉ፣ መተዳደሪያም ይሰጣሉ፤ ዲኤንፒ ግን በአብዛኛው ከራስ ኪስ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ለዶክትሬት ተማሪዎች የሚሰጠው ፌሎሺፕ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃል። ለማመልከት ካሰባችሁ ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት በእናንተ ጥያቄ ላይ የሚሠራ ፕሮፌሰር እዚያ መኖሩን አጣሩ፤ ጽሑፎቹን አንብቡና ማመልከቻውን ከመሙላታችሁ በፊት ኢሜይል ላኩለት።