ከቀዶ ሕክምናው ክፍያ በኋላ ያለው የስድስት ሳምንት ሂሳብ

የጡት ማስተለቂያ ቀዶ ሕክምና በገበያ ገጽ ላይ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ገንዘብ የሚወጣበትና ሰውን ከሥራ የሚያርቅ ነገር ሁሉ ሂሳብ አለው። ይኸኛው ሂሳብ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በግማሽ ነው። የሐኪሙ ክፍያ፣ የአውሮፕላን ትኬቱና የማረፊያው ኪራይ ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ ከባድ ነገር የማይነሣበት ጊዜ ግን ይረሳል።

ለሕክምናው ወደ ውጭ አገር መሄድ ያሰበች ሴት በቅድሚያ የምትጋፈጠው ምንዛሪውን ነው። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በፊት ባንክ ቤት 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለስሌት ያህል 2,000 ዶላር ብንወስድ፣ 114,000 ብር የነበረው ወጪ ከ200,000 ብር በላይ ሆኗል ማለት ነው።

ሁለተኛው ወጪ የጊዜ ነው። በዚህ ሕክምና የሲሊኮን ወይም የጨው ውኃ ከረጢት ከጡቱ ሥር፣ ብዙ ጊዜም ከደረት ጡንቻ ሥር ይገባል። ይህ ጡንቻ ስንገፋና ስናነሣ የሚሠራው ነው። ስለሆነም ሐኪሞች በጥቅሉ የሚሰጡት መርሐ ግብር የታወቀ ነው። ቀስ ብሎ መራመድ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ይፈቀዳል፤ እንዲያውም በእግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ ነገር ሁሉ ይከለከላል። ቀላል የእግር እንቅስቃሴ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ይጀመራል። ሩጫ፣ ዝላይና ክብደት ማንሣት ስድስት ሳምንት ይጠብቃሉ። ፑሽ አፕን የመሰለ የደረት ስፖርት፣ በተለይ ከረጢቱ ከጡንቻ ሥር ከሆነ፣ ከዚያም በላይ ሊዘገይ ይችላል። የመጨረሻውን ፈቃድ የሚሰጠው ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ሐኪም ነው።

አዳማ ላይ ጂም ለምትሄድ ሴት ይህ ማለት የአንድ ወር ተኩል የአባልነት ክፍያ መክሰር ነው። ከሻሸመኔ በስተሰሜን በአርሲ ነገሌ መንገድ ላይ በምትገኘው ኩየራ ድንች ለምትነግድ ሴት ግን «ስፖርት» ሌላ ትርጉም አለው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ሐኪሞች የሚፈቅዱት ግን ከአምስት ኪሎ የማይበልጥ ነው። የኩንታል ማዳበሪያ መጎተት፣ ቡሖቃ ማንሣት፣ ልጅ ማዘልም ከክልከላው ውስጥ ይገባሉ።

ሂሳቡን በምሳሌ እንመልከት። በቀን 800 ብር የምታተርፍ፣ በሳምንት ስድስት ቀን የምትሠራ ነጋዴ ለስድስት ሳምንታት መደቧን ብትዘጋ 28,800 ብር ታጣለች። ሁለት ሳምንት ብቻ ዘግታ ቀሪውን አራት ሳምንት ተቀምጣ ብትሸጥና ለተሸካሚ በቀን 300 ብር ብትከፍል፣ ያጣችው 9,600፣ የከፈለችው 7,200፣ በድምሩ 16,800 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 12,000 ብር ነው።

ይህ ስሌት የሚፈርሰው በምስጢር ምክንያት ነው። ሕክምናውን ከጎረቤትና ከደንበኛ የደበቀች ሴት «እስቲ ያዝልኝ» ለማለት ምክንያት ታጣለች። ስንፍና እንዳይመስልባት ማዳበሪያውን ራሷ ትጎትታለች። ያለጊዜው የተነሣ ክብደት ቁስሉን ሊከፍት፣ ከውስጥ ደም እንዲቋጠር ሊያደርግ፣ ከረጢቱንም ከቦታው ሊያንሸራትት ይችላል። አንዱ ጡት በድንገት ካበጠ፣ ትኩሳትና መቅላት ከመጣ፣ የባት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማ ቀን የሚቆጠርበት ጊዜ አይደለም፤ ወዲያው ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ከ16,800 ብሩ ጋር የሚነጻጸር አይሆንም። ለዚህ ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ ኢስታንቡል ወይም ዱባይ ነው። በአገር ውስጥም ቢሆን የፕላስቲክ ሰርጀሪ አገልግሎት ያላቸው እንደ የካቲት 12 ያሉ ሆስፒታሎች የሚገኙት አዲስ አበባ ሲሆን፣ ከሻሸመኔ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ሦስተኛው የጥገና ወጪ ነው። ነጋዴ መኪና ሲገዛ የእርጅና ቅናሽ ያስባል፤ ከረጢቱም ዕድሜ ልክ የሚቆይ ዕቃ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምክር የሲሊኮን ከረጢት ያላቸው ሴቶች ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ በአልትራሳውንድ ወይም በኤም.አር.አይ. እንዲታዩ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ እንዲደግሙ ይላል። ርካሽ ዕቃም ብዙ አስከፍሏል። ፒፕ የተባለው የፈረንሣይ ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን መጠቀሙ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲደረስበት ምርቱ ከገበያ ተነሣ፤ በብዙ አገሮች ያሉ ሴቶችም ከረጢቱን ለማስወጣት ሌላ ቀዶ ሕክምና አስፈለጋቸው። ስለዚህ የከረጢቱን ስምና የመለያ ቁጥር የያዘው ካርድ እንደ መኪና ሊብሬ የሚጠበቅ ሰነድ ነው።

እንግዲህ ገላዋ የራሷ፣ ገንዘቡም የራሷ ነው። ከመክፈሏ በፊት ግን ሦስት ነገር ማዘጋጀት ይበጃል፤ ገበያው ቀዝቀዝ የሚልበትን ወቅት መምረጥ፣ የተሸካሚ ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ቢያንስ ለአንድ የምታምነው ሰው እውነቱን መንገር። ከሦስቱ ገንዘብ የማያስወጣው የመጨረሻው ነው፤ ከሁሉ አብልጦ ከኪሳራ የሚያድናትም እሱ ነው።